እጅጌዬ ላይ የቀረው ቀለም

ሰላም ናችሁ? ዛሬም በረንዳው ላይ ነኝ። የጎረቤት ውሻ ከጮኸ ያው ለምዳችሁታል፤ እሱም የፕሮግራሙ አባል ሆኗል።

ባለፈው "አሜሪካ፣ ሜሪላንድ እንዴት ነበር?" ስትሉኝ ፔይንትቦል፣ ያው በቡድን ሆነው በቀለም ኳስ የሚተኳኮሱበትን ጨዋታ፣ ተጫወትኩ ብዬ አለፍኩት። አንድ ነገር ግን አልነገርኳችሁም። ሐዋሳ ከተመለስኩ ሁለት ወር ሆነኝ፣ አሁንም አልለቀቀኝም።

መጫወቻ ሜዳው ድረስ እህቴ ናት ያደረሰችኝ። እሷ ብርዱን ስለማትችለው መኪና ውስጥ ቀረች። ማንንም አላውቅም። ቆሜ ማስኩን ለማጥበቅ ስታገል፣ ጢማቸው ሙሉ ነጭ የሆነ አንድ ትልቅ ሰው ከኋላዬ መጥተው ማሰሪያውን ሳብ አደረጉልኝ። "ሜዳ ውስጥ ይሄን አታወልቅም። ቢያልብህም፣ ጭጋግ ቢይዝብህም" አሉኝ። ከዛ ከራሳቸው ኳስ ዘግነው ሰጡኝ።

ኳሷ ብይ ናት በሏት፤ 17 ሚሊሜትር ገደማ። ሽፋኗ ጀላቲን ነው፣ እንደ እንክብል መድኃኒት። ውስጧ በውሃ የሚለቅ ቀለም አለ። መተኮሻ መሣሪያውን ጠመንጃ አይሉትም፣ ማርከር ነው የሚሉት፤ ምልክት ማድረጊያ እንደማለት። እውነትም መጀመሪያ የደን ሠራተኞች ዛፍ ላይ ከሩቅ ምልክት የሚያደርጉበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ 12 ሰዎች ይዘውት ጫካ ገቡና ባንዲራ ፍለጋ ተጫወቱ። ያሸነፈው ሰው አንድም ጊዜ አልተኮሰም። የደን ባለሙያ ነበር፤ ተደብቆ ባንዲራዎቹን ሰብስቦ ወጣ። ይሄን ታሪክ በጣም ነው የምወደው።

ሕጉ ቀላል ነው። ኳሷ ነክታህ ካልፈረጠች አልተመታህም። ከፈረጠች እጅህን አንስተህ ትወጣለህ። ዳኛ አለ፤ ግን ዳኛ ሁሉን አያይም። ሁለተኛው ዙር ላይ ሽማግሌው ጫማቸው ላይ ተመቱ። ከእኔ በቀር ያያቸው የለም። ወዲያው እጃቸውን አንስተው ወጡ።

እና ሦስተኛው ዙር... ትልቅ የኬብል መጠቅለያ እንጨት ጀርባ ተንበርክኬያለሁ። ከቡድናችን ሁለት ቀርተናል። ጧ! ግራ ክንዴ ላይ፣ ከክርኔ ከፍ ብሎ። ኳሷ በሴኮንድ እስከ 90 ሜትር ገደማ ነው የምትበረው፣ ያቃጥላል። ዞሬ አየሁት። ብርቱካናማ ነው፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያክል። መሃሉ ላይ የሽፋኗ ስባሪ ተለጥፏል። ፈርጣለች። ምንም የሚያከራክር ነገር የለውም።

ቀኝ እጄ ተነሳ። ግን ወደ ላይ አይደለም። በጓንቴ ጠረግኩት። አንዴ። ደገምኩት። ከዛ ቀጠልኩ።

አሸነፍን። ሰዉ ጀርባዬን ይመታል፣ ይጮኻል። ቀና ስል ሽማግሌው ከመረቡ ውጭ ቆመዋል፤ እሳቸው ቀድመው ተመትተው ወጥተው ነበር። ፊታቸው ወደ እኔ ነው። ማስክ ስላደረጉ ዓይናቸው አይታይም። አይተውኝ ይሆን? ይሄን ስንት ሌሊት አሰብኩት መሰላችሁ።

ከጨዋታው በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ሥጋ ጠበሱ። እህቴን ከመኪና አስወርደው ሞቅ ያለ ቡና ሰጧት። ዋትስአፕ ግሩፓቸው ውስጥ አስገቡኝ። የዛሬ ሰው ነኝ እኮ፣ ስሜን እንኳን በቅጡ አልያዙትም! እዛው ነው "ጠራጊ" የሚለውን ስድብ የሰማሁት። ቀለሙን ጠርጎ የሚጫወት ሰው ማለት ነው። ከዚህ የባሰ ስድብ የላቸውም። ስለ ሌላ ሰው ነበር የሚያወሩት። ይመስለኛል።

ልጅ ሆነን እዚህ ሐዋሳ ታቦር ተራራ ሥር ሌባና ፖሊስ ስንጫወት ትዝ ይላችኋል? "ገደልኩህ!" "አልሞትኩም!" እየተባባልን ስንቴ ተጣልተን ገባን። ማስረጃ የለም። ማን እንደሞተ የሚያውቀው የሞተው ልጅ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ያኔ ሐቀኛ ነበርኩ መሰለኝ፤ ቶሎ ነበር የምሞተው። ወይስ አሁን ሳስበው ነው እንደዛ የሚመስለኝ? እንጃ።

ጃኬቱ እስካሁን አልታጠበም። ቀለሙ አንድ እጥበት አይችልም፣ ይለቃል። እማዬ ሁለቴ "አምጣው ልጠብልህ" አለችኝ። "ተይው" አልኳት። ለምን እንዳልኳት አልነገርኳትም።

ደግሞ አንዳንዴ ጨዋታ አይደል እንዴ እላለሁ። ማን ተጎዳ? ከዛ እነዛ የተዘገኑት ኳሶች ትዝ ይሉኛል። ገና ስሜን ሳይጠይቁኝ እኮ ነው የሰጡኝ።

እሁድ ከአሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ካለው ዓሣ ገበያ፣ የአባ ኮዳን፣ የዛን ትልቅ ወፍ፣ ፎቶ ግሩፑ ላይ ለጥፌ ነበር። ዓሣ ሻጩ እግር ሥር ቆሞ የሚለምነው። ሽማግሌው ለብቻዬ ጻፉልኝ። "ሐይቁ ደስ ይላል። መቼ ነው የምትመጣው? ማስክህን አስቀምጬልሃለሁ" ይላል።

ማስክህን ነው ያሉት። የእሳቸው ነው እኮ።

አልመለስኩላቸውም። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ልንገራቸው እልና... ካላዩስ? ካዩ ደግሞ፣ አይተው ነው እንደዚህ የጻፉልኝ ማለት ነው። እሱ ደግሞ... ቆይ፣ ውሻው ጀመረ።