አዌቱን ያፈነው የእኛ ቱቦ ነው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሰፈሬ ልጆች፣ ተማሪዎቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ መጋቢት 13፣ የዓለም የውሃ ቀን ነው። የተጋበዝኩት ስለ ውሃ ጥቅም እንድናገር ነበር። የውሃን ጥቅም ግን ለጅማ ሰው አልነግርም። እኔ የመጣሁት ስለ ወንዛችን ስለ አዌቱ ልናገር ነው።

ከተማችን አድጋለች፣ ደስ ይለኛል። ድሮ ዝናቡን አፈሩ ይጠጣው ነበር፤ አጣርቶ ቀስ እያለ ለወንዙ ይሰጠዋል። አሁን ግቢው ሲሚንቶ፣ መንገዱ ኮብልስቶን ነው። ዝናቡ የጋራዡን ዘይትና የገበያውን ጥራጊ ጠርጎ በዲቹ ቀጥታ አዌቱ ይገባል።

ባለፈው ጥር ተማሪዎቼን ይዤ ወረድኩ። ከከተማው በላይ አንድ ጠርሙስ፣ ከመርካቶ በታች ሌላ ጠርሙስ ቀዳን። በውሃው ውስጥ ኦክስጅን መኖሩን ለማየት ማንጋኒዝ ሰልፌት ጨመርን፤ ቀጥሎም አልካሊ ያለበት አዮዳይድ። ውሃው ኦክስጅን ካለው ዝቃጩ ቡናማ ይሆናል፣ ከሌለው ነጭ ሆኖ ይቀራል። የላይኛው ወዲያው የተቆላ ቡና መሰለ። የታችኛው ነጭ ነው ማለት ይቻላል። አንዷ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ኬሚካሉ ተበላሽቶ ይሆናል" አለችኝ። በሌላ ጠርሙስ ደገምነው። ያው ነው። ልጆቹ ዝም አሉ። ኬሚካሉ ደህና ነበር። የታፈነው ወንዙ ነው!

የሽንት ቤት ፍሳሽ ወንዝ ሲገባ ባክቴሪያው ይበላዋል፤ ሲበላ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። በእኛ ከፍታ ንጹህ ውሃ እንኳ የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር 7 ሚሊግራም ገደማ ነው። ከ2 በታች ከወረደ አብዛኛው ዓሣ አይተርፍም። በጋ ላይ ወንዙ ይቀንሳል፣ ፍሳሹ ግን አይቀንስም።

እስቲ በግልጽ እንነጋገር። ዝናብ እስኪመጣ ጠብቀው ሴፕቲክ ታንካቸውን ዲች ውስጥ የሚለቁ ሰዎች አሉ። እናውቃቸዋለን። ይሉኝታ ይዞን ዝም አልን። ለአራት ፎቅ ገንዘብ ያገኘ ሰው፣ ለመምጠጫ መኪና አጣሁ አይበለኝ! ልጆቻችን በዚያ ውሃ ልብስ ያጥባሉ። ከታች ያለው ገበሬ ከብቱን ያጠጣበታል፣ ጎመኑን ያለማበታል።

ደግሞ እዚህ አያበቃም። ውሃው ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ይወርዳል። ከሽንትና ከሳሙና የሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግድቡ ድረስ ይሄዳል፤ የተኛ ውሃ ላይ አልጌ ያበቅላል። የቡና እጥበቱ ፍሳሽም ሌላ ጣጣ ነው።

የወንዝ ዳር ማስዋብ እሰየው ነው። ግን ከአበባው ሥር ቱቦው እየፈሰሰ ምኑን አስዋብነው?

ማዘጋጃ ቤቱን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የአዲስ ሕንፃ ፍሳሽ የት እንደሚገባ በዓይን ሳይታይ የመጠቀሚያ ፈቃድ አይሰጥ። እኔና ተማሪዎቼ ቅዳሜ ከድልድዩ ጀምረን ወንዙ ላይ የተከፈቱትን ቱቦዎች እንመዘግባለን። አብሮን መውረድ የሚፈልግ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይምጣ። ዝርዝሩን ራሴ ለማዘጋጃ ቤቱ አስገባለሁ።

አመሰግናለሁ።