«ታተመ» ሲባል ምን ማለት ነው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ስለ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የምርምር ጽሑፎችና የኮንፈረንስ ንግግሮች በሬዲዮ አውርተን ነበር። ስልኩ አላርፍ አለ፣ ሰዓቱ አለቀ። አዘጋጇ «የቀሩትን በጽሑፍ ይመልሱልን» ብላ ወረቀቷን ሰጠችኝ። እነሆ። እኔ መምህር ነኝ፣ አንድ ጆርናልም (የምርምር መጽሔት) ለጥቂት ዓመታት በኤዲተርነት ይዤ ነበር። ስለዚህ ጽሑፍ ሲመለስብኝም የሰው ጽሑፍ ስመልስም ኖሬያለሁ።

ከደብረ ማርቆስ፦ «ዜና ላይ አንዴ ‹ጥናቱ በኮንፈረንስ ቀረበ›፣ አንዴ ‹ጥናቱ ታተመ› ይላሉ። ልዩነት አለው ወይስ ያው ነው?»

በጣም አለው። ኮንፈረንስ ላይ ቀረበ ማለት አንድ ሰው አሥራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ ተሰጥቶት የደረሰበትን ተናገረ ማለት ነው። አዘጋጆቹ አስቀድመው የሚያዩት ብዙ ጊዜ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ አብስትራክት፣ ማለትም የሥራው አጭር መግለጫ ነው። ሥራው ገና ሊጥ ሊሆን ይችላል። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሰዎችም የመጡት ሊጡን አይተው «ውሃ በዝቶበታል» ሊሉ ነው። ይህ ነውር አይደለም፣ ኮንፈረንስ የሚጠራው ለዚሁ ነው።

ሲታተም ግን ሙሉው ጽሑፍ ለጆርናል ይላካል። ኤዲተሩ ለሁለት ወይም ለሦስት የሙያው ሰዎች ይመራዋል። እነሱ ያብጠለጥሉታል፣ ጸሐፊው ያርማል፣ ተመልሶ ይሄዳል። ዓመት ቢፈጅ ብርቅ አይደለም። ከጥናቱ መጀመሪያ ከተቆጠረ ደግሞ መንገዱ የትየለሌ ነው። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመሩት ቡድን «ሰላም» የተባለችውን ቀደምት ሕፃን ቅሪተ አካል አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ ያገኘው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2000 ነበር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው በሴፕቴምበር 2006 ነው። አጥንቱ እንደ ድንጋይ በጠጠረ አሸዋ ተይዞ ስለነበር በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት ሲያጸዱት ነው ዓመታት ያለፉት። «አርዲ» የተባለችው ሌላዋ ቀደምት ቅሪተ አካል ደግሞ ከዚህም ትብሳለች። የመጀመሪያዎቹ አጥንቶቿ በ1994 ተገኙ፣ አጽሟ በዝርዝር የቀረበው በኦክቶበር 2009 ነው። ያኔ ሳይንስ መጽሔት ላይ 11 ጽሑፍ በአንዴ ወጣ።

በታሪክና በቋንቋ ጥናት በኩል ነገሩ ትንሽ ይለያል። እዚያ የኮንፈረንሱ ንግግር ራሱ ተስተካክሎ በመድበል ይወጣል። ዓለም አቀፉ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ በ1959 ሮም ላይ ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ያሉ ብዙ መድበሎች አሉት። ኖርዌይ፣ ትሮንድሃይም ላይ በ2007 የተነገረው በ2009 ታትሟል። ስለዚህ «ቀረበ» የሚል ዜና ሲሰሙ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የት ታተመ?» ነው።

ከሐዋሳ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር፦ «ውጭ አገር በወጣው ጽሑፌ ላይ የአባቴ ስም ፊት መጥቶ የእኔ ስም አንድ ፊደል ሆኖ ቀረ። ባልደረቦቼም ሲጠቅሱኝ በአባቴ ስም ነው። ምን ላድርግ?»

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ እኔንም ስለሚመለከተኝ።

ፈረንጆቹ ጽሑፍ የሚጠቅሱት በቤተሰብ ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የጆርናሉ ፎርም «የመጨረሻ ስም» ሲለን የአባታችንን ስም እንሞላለን፣ እዚያ ላይ ሁሉም ይገለበጣል። አበበ ከበደ የሚባል መምህር «ከበደ፣ አ.» ይሆናል። እህቱ አልማዝም ብትመራመር እሷም «ከበደ፣ አ.» ናት። ማን ምን እንደጻፈ የሚለይ የለም። አባትየው አቶ ከበደ ደግሞ ከእርሻቸው ሳይነሱ የሁለት ልጆቻቸውን ሥራ ሁሉ ጠቅልለው የታወቁ ተመራማሪ ይሆናሉ!

ታላላቆቹም አላመለጡም። ቅድም ያነሳኋቸው ዘረሰናይ በሳይንሱ ዓለም የሚጠቀሱት «ዓለምሰገድ፣ ዘ.» እየተባሉ ነው። ሌላው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ «ኃይለ ሥላሴ፣ ዮ.» ናቸው። ሰው ካወቀው ግድ የለም ይባል ይሆናል። ገና የሚጀምረው ወጣት ግን ሥራው ተበትኖ ይቀራል።

ይህ የማይቀር ዕዳ አይደለም። በሃምቡርግ የተዘጋጀው ባለ አምስት ቅጹ ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን የሚደረድረው በራሳቸው ስም ነው። ፈረንጆች ጠንቅቀው ያደረጉትን እዚሁ አገር ቤት የሚታተም ጆርናል ሲገለብጠው ሳይ ይገርመኛል። የእኔም ጆርናል ይገለብጥ ነበር። ለማስቀየር ሁለት ስብሰባ ፈጅቶብኛል።

ለእርስዎ የምመክረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስምዎን በላቲን ፊደል አንዴ ከወሰኑ በኋላ ፊደል አይቀይሩ። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በ«ቲ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ»፣ መጨረሻውን አንዱ በ«ዋይ» ሌላው በ«አይ» ይዘጋዋል። ለኮምፒውተሩ አራት ሰዎች ናቸው። ሁለተኛ፣ ኦርኪድ (ORCID) የሚባለውን የተመራማሪዎች መለያ ያውጡ። ከ2012 ጀምሮ ያለ፣ ነፃ የሆነ ባለ 16 አሃዝ ቁጥር ነው። ስም ቢገለበጥም ቁጥሩ አይገለበጥም።

ከጅማ፣ ወጣት ሌክቸረር፦ «በሳምንት ሦስት አራት ኢሜይል ይመጣልኛል። ‹የተከበሩ ፕሮፌሰር› ይለኛል። ዱባይ ላይ ዋና ተናጋሪ እንድሆንም ተጋብዣለሁ። መሄድ አለብኝ?»

ወንድሜ፣ ገና ሌክቸረር ሆነህ ፕሮፌሰር ያለህ ሰው አያውቅህም ማለት ነው። ኢሜይልህን ከሆነ ቦታ ለቅሞ ነው። ዋና ተናጋሪ ብሎ ጋብዞ የመመዝገቢያ የሚያስከፍል ካለማ ነገሩ አለቀ። ዋና ተናጋሪ ይከፈልለታል እንጂ አይከፍልም።

እኔም አንዴ ተበልቻለሁ። የጋበዙኝን ስም አልጠራም። የሆቴል አዳራሽ ደረስኩ። በሩ ላይ ትልቅ ባነር አለ፣ ውስጥ አሥራ አራት ሰው ተቀምጧል። ከእኔ በፊት የተናገረው ስለ ጥርስ ተከላ፣ ከእኔ በኋላ የተናገረችው ስለ ዓሣ እርባታ ነበር። ጥያቄ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ከሰዓት በኋላ የተሳትፎ ሰርተፍኬት አደሉን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ተበተንን። ሰርተፍኬቱ ላይ ስሜ እንኳ ተሳስቶ ነበር። አዎ፣ ተገልብጦም ነበር።

ጆርናሎቹም እንደዚሁ ናቸው። በ2014 አንድ የአውስትራሊያ ተመራማሪ በእንዲህ ያለ ኢሜይል ተሰላችቶ፣ «ከኢሜይል ዝርዝራችሁ አውጡኝ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር (መሐሉ ስድብ አለበት) ለአሥር ገጽ ያህል የሚደጋግም ጽሑፍ ላከላቸው። ገምጋሚ ተብዬው «እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ደረጃ ሰጠው። ከዚያ 150 ዶላር ክፈል አሉት። ጉዳዩ ከቀልድ ያለፈበት ጊዜም አለ። በ2019 አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ መሠረቱ ሕንድ የሆነውን ኦሚክስ የተባለ አሳታሚ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈርዶበታል። ጽሑፎች ይገመገማሉ እያለ ማሳሳቱ፣ ክፍያውን መደበቁ፣ ያልተስማሙ ምሁራንን በኮንፈረንስ ተናጋሪነት መዘርዘሩ ክሱ ውስጥ ነበሩ።

እንዴት ትለያለህ? «በ72 ሰዓት እናትማለን» ካሉ ተወው። በሦስት ቀን ማንም አንብቦ አይጨርስም። ከኤዲተሮቹ ዝርዝር አንዱን ምረጥና በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ባለው አድራሻ «እውነት እዚህ አሉበት?» ብለህ ጻፍለት። እኔ ይህን ሳደርግ «ስሜን አስወጡልኝ ብዬ ሁለት ዓመት ሆነኝ» ያለኝ አለ። ደግሞም ጆርናሉ ላይ ከወጡት ሁለት ጽሑፍ አንብብ። ብዙዎቻችን ይህችን እንዘላለን። የማይረባ ጽሑፍ በሞላበት ቦታ ጥሩ ጽሑፍህን ማስቀመጥ ትፈልጋለህ?

ለምን ሰው እያወቀ ይገባበታል ብትለኝ፣ መልሱን አንተም ታውቀዋለህ። ከረዳት ፕሮፌሰር ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር ለማደግ ጽሑፍ ይቆጠራል። መቁጠር ይቀላል፣ ማንበብ ይከብዳል። ኮሚቴው ቁጥር ሲጠይቅ ገበያው ቁጥር ያቀርባል።

ከቨርጂኒያ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፦ «በእኛ ጊዜ የአገር ውስጥ ጆርናል ክብር ነበረው። አሁን ሁሉም ውጭ ካልታተመ ይላል። ትክክል ነው?»

አባቴ፣ ትክክል አይመስለኝም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። የመጀመሪያ ግኝታቸውን ያሳተሙት በኢትዮጵያ የሕክምና ጆርናል ላይ ነው፣ በ1965። ጆርናሉ ከ1962 ጀምሮ ያለ ነው። ሥራው ጥሩ ስለነበር የታተመበት ቦታ አላሳነሰውም። ግን ውጭ ያሉት ድርጅቶች በውጭ ላቦራቶሪ ካልተደገመ ብለው ብዙ ዓመት አንገላቱት። አክሊሉ አፍሪካ ውስጥ በሚሠራ ሳይንስ ላይ ያለውን ጥርጣሬ በአደባባይ እስከ መውቀስ ደርሰዋል። በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ።

በሌላ በኩል አገር ውስጥ ስለታተመ ብቻ ጥሩ ነው አልልም። በየዩኒቨርሲቲው ጆርናል ተከፍቶ ሁለት ቅጽ ወጥቶ የቆመውን ቤት ይቁጠረው። አሁን ትምህርት ሚኒስቴር ጆርናሎቹን እየገመገመ እውቅና ይሰጣል፣ ይህ ይበል የሚያሰኝ ነው። በአማርኛስ ይጻፍ ወይ ቢሉኝ፣ ይጻፋል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጆርናል ከ1963 ጀምሮ የሚወጣ ሲሆን የአማርኛ ጽሑፍም ያስተናግዳል። ስለ ቅኔ በእንግሊዝኛ ጽፎ ስለ ቅኔ ለሚያውቁ ሰዎች ሳያስነብቡ መቅረት፣ ለእኔ ሁልጊዜ ግራ ነው።

ከአዲስ አበባ፣ የማስተርስ ተማሪ፦ «የመመረቂያ ጽሑፌን አማካሪዬ ራሱን አንደኛ ጸሐፊ አድርጎ ለጆርናል ላከው። መብቱ ነው?»

እህቴ፣ መረጃውን የሰበሰብሽው፣ የተነተንሽውና የጻፍሽው አንቺ ከሆንሽ አንደኛ ስም ያንቺ ነው። አማካሪሽ በሐሳቡና በማረሙ ከተሳተፈ ይገባል፣ ግን ከኋላሽ። በሕክምናና በተፈጥሮ ሳይንስ መጨረሻ ላይ ያለው ስም የኃላፊው ነው፣ ያም ክብር ነው። ሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ በፊደል ተራ ነው የሚደረደሩት። በ2015 የሂግስ ቅንጣትን ክብደት የለካው የፊዚክስ ጽሑፍ 5,154 ጸሐፊዎች ነበሩት። ከ33 ገጹ 24ቱ የስም ዝርዝር ነው። እዚያ አንደኛ መሆን ትርጉም የለውም። አንቺ ጋ ግን ሁለት ሰው ናችሁ።

የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ጸሐፊ ለመባል አራት ነገር አብሮ እንዲሟላ ይጠይቃል፦ ሥራው ላይ በቂ ድርሻ፣ መጻፍ ወይም ማረም፣ የመጨረሻውን ማጽደቅ፣ ለይዘቱ ተጠያቂ መሆን። መጀመሪያ አማካሪሽን በኢሜይል በትሕትና ጠይቂው፣ በቃል አይሁን። ካልሆነ ወደ ትምህርት ክፍሉ ሂጂ። ጽሑፉ ገና ካልወጣ ኤዲተሩም ማስቆም ይችላል። እኔ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶኝ ያስቆምኩት አንድ ጽሑፍ አለ።

ከባሕር ዳር፦ «ጽሑፉን ልከፍት ስል 40 ዶላር ክፈል ይለኛል።»

አይክፈሉ። ርዕሱን ጉግል ስኮላር ላይ ይፈልጉት፣ ነፃ ቅጂ ብዙ ጊዜ በስተቀኝ ይወጣል። የአፍሪካ ጆርናሎችን የሚያሰባስበውን አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይንንም ይዩ። የመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብዙውን በኢንተርኔት ማኅደሩ አስቀምጧል። ይህ ሁሉ ካልሆነ ለጸሐፊው ይጻፉለት። «ሥራህን ላንብብ» ያለ ሰው ሲመጣ ደስ የማይለው መምህር አላጋጠመኝም።

ከሰሜን ሸዋ፣ አርሶ አደር፦ «ከሦስት ዓመት በፊት ከዩኒቨርሲቲ መጥተው ከማሳዬ አፈር ወሰዱ፣ ብዙ ጠየቁኝ፣ ተፈራረምን። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማሁም። ውጤቱን የት ልጠይቅ?»

እርስዎ የመጨረሻው ደዋይ ነበሩ፣ መስመሩ ተቋርጦብን አዘንኩ። ውጤቱ ይገባዎታል። የፈረሙበት ወረቀት ቅጂ እጅዎ ላይ ካለ የጥናቱ ባለቤት ስምና ስልክ እዚያ ላይ መኖር አለበት። ከሌለ ቀበሌዎን ወይም የልማት ሠራተኛዋን ይጠይቁ፣ ተመራማሪ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የትብብር ደብዳቤ ይዞ ነው የሚገባው፣ ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ይኖራል። ከዚያ ለዩኒቨርሲቲው የምርምር ምክትል ፕሬዚዳንት ቢሮ ይደውሉ። የመጡበትን ወር፣ የቀበሌውን ስምና አፈሩ ከየትኛው ማሳ እንደተወሰደ ይንገሯቸው። «የታተመውን ላኩልኝ» ብቻ አይበሉ፣ በእንግሊዝኛ ይልኩልዎታል። «የእኔ አፈር ምን ጎደለው? ምን ልጨምርበት?» ብለው ይጠይቁ። ስልክዎ አዘጋጇ ጋ ስላለ እኔም በዚህ ሳምንት እደውልልዎታለሁ።