በመጋቢት ጨክናችሁ ቁረጡት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ አንድ ቁጥቋጦ ነው የማወራችሁ። እኔ በምኖርበት በለንደን ቡድሊያ ይሉታል። የቢራቢሮ ቁጥቋጦ የሚሉትም አሉ። እዚህ ባቡር ተሳፍሮ በመስኮት የተመለከተ ሰው ሁሉ፣ ስሙን ባያውቀውም አይቶታል። በሐዲዱ ግራና ቀኝ፣ በአሮጌ ግንብ ስንጥቅ፣ አንዳንዴም ጭስ ማውጫ ጫፍ ላይ ይበቅላል። አበባው ሐምራዊ ነው። ረዘም ያለ፣ ጫፉ ሾል ያለ ዘለላ። ጠጋ ብላችሁ ስታሸቱት ማር ማር ይላል።

እኛም ጓሮ አለ። ቤቱን ስንከራይ እዚያው ነበር፤ ማን እንደተከለው አይታወቅም። ወይም ነፋስ ነው ያመጣው። ስለዚህ ተክል አጥብቄ የምለው ነገር አንድ ነው። በመጋቢት ጨክናችሁ ቁረጡት።

ይህን ስል ብዙ ሰው ፊቱ ይለወጣል። ይገባኛል። ሰው የወደደውን ነገር አይነካም። እንዲያብብለት የፈለገውን ተክል በመጋዝ አይጠጋውም። ግን የዚህን ተክል ጠባይ ስታውቁ ነገሩ ይገለበጣል።

ቡድሊያ የሚያብበው በዚያው ዓመት ባወጣው አዲስ ቅርንጫፍ ላይ ነው። የአምናው እንጨት ራሱ አበባ አይሰጥም። ካልተነካ፣ አዲሱ ቀንበጥ የሚነሳው ከአምናው ጫፍ ላይ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከዘንድሮው ጫፍ። እንዲህ እያለ ሦስት፣ አራት ሜትር ይወጣል። ታች እግሩ ይራቆታል። እንጨቱ ይወፍራል፣ ነፋስ ሲመጣ ይሰነጠቃል። አበባው ከራሳችሁ በላይ፣ ከአጥሩም በላይ ይሆናል። ቢራቢሮዎቹ መምጣታቸውን አይተዉም። እናንተ ግን ከታች አንጋጣችሁ የክንፋቸውን ስር ብቻ ነው የምታዩት።

ጊዜው የካቲት አልቆ መጋቢት ሲገባ ነው። ከባዱ ውርጭ ካለፈ በኋላ፣ እንጨቱ ላይ ግራጫ የቀላቀሉ አረንጓዴ ቅጠሎች ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምሩ። ከመሬት ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ትተውና የቀረውን ታወርዱታላችሁ። ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ፊት ለፊት ነው የሚወጣው። ስለዚህ ጥሩ ጥንድ ትመርጡና ከእሱ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ትቆርጣላችሁ። ቀጭኑን በመቀስ፣ ወፍራሙን በመጋዝ። የደረቀውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውን ደግሞ ከሥሩ። ሲያልቅ የሚቀረው ጉቶ ነው። ያየ ሰው ያዝንላችኋል። ሐምሌ ላይ ያው ጉቶ ሁለት ሜትር የሚደርስ ቅርንጫፍ አውጥቶ፣ አበባው ልክ ከዓይናችሁ ፊት ይቆማል።

በጥቅምት ቅጠሉ ሲጠወልግ ግን እንዳትጨክኑ። ያኔ ነፋስ እንዳያናውጠው ከላይ ሲሶውን መቀነስ ይበቃል። ዋናውን ቁረጣ ብርዱ ሳይገባ ካደረጋችሁት፣ ሙቀት ባለባቸው ቀናት ተታሎ ለጋ ያወጣል፤ ያንን ውርጭ ይመታዋል።

እኔ ይህን ነገር ለመቀበል አልተቸገርኩም። ምክንያቱም ያደግሁት ቡና ሲጎነደል እያየሁ ነው። አባቴ ጅማ አካባቢ ቡና ነበረው። የገጠር ልጆች ጉንደላን ታውቁታላችሁ። ቡና ሲያረጅ ፍሬው ከጫፍ ጫፍ ላይ ብቻ ይሆናል፤ ለቀማውም ያስቸግራል። ስለዚህ ለቀማ ካለቀ በኋላ፣ ዝናብ ሳይገባ፣ ከመሬት 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆረጣል። ውሃ እንዳያቁር በሰያፍ። ከዚያ ጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ጠንካራ ጠንካራዎቹ ተመርጠው ይቀራሉ።

ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ስለሱ ደጋግሜ አስባለሁ። የተጎነደለ ቡና ሁለት ዓመት ገደማ ደህና ፍሬ አይሰጥም። እናቴ «እስከዚያ ምን ልንበላ ነው?» ትለው ነበር። አባቴም ሁሉንም በአንድ ዓመት አይነካም ነበር። በየዓመቱ ከፊሉን እየጎነደለ፣ የቀረው እያበላን ነበር የሚያዞረው። የገበሬ ፍርሃት እውነተኛ ነው። ከመጋዙ ጀርባ የልጆች እህል አለ። ባለሙያ መጥቶ «ለምን አትጎነድሉም?» ሲል፣ መልሱ ስንፍና እንዳልሆነ ልጅ ሆኜም ይገባኝ ነበር። ለንደን ጓሮ ውስጥ ያለ ቡድሊያ ግን ከማንም ጉሮሮ አይነጥቅም። በመጋቢት ያጣችሁትን በሐምሌ ይመልሳል። እንግዲህ እዚህ ምን ያስፈራናል? እላለሁ ለራሴ።

ስለ አመጣጡም ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ይህ ተክል የቻይና ተወላጅ ነው። አርማንድ ዳቪድ የሚባል ፈረንሳዊ ሚሲዮናዊ በ1869 ሲችዋን ውስጥ አገኘው። ፓንዳን ለአውሮፓ ሊቃውንት ያስተዋወቀው ይኸው ሰው ነው፤ ያውም በዚያው ዓመት። የተክሉ ሳይንሳዊ ስም ቡድሊያ ዳቪዲ ነው፤ ሁለተኛው ቃል ከእሱ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ደግሞ ከአዳም ቡድል፣ በ1715 ካረፈ እንግሊዛዊ ቄስና የዕፅዋት ተመራማሪ።

ለንደንን ያጥለቀለቃት ግን ጦርነቱ ነው። በ1940 እና 41 የጀርመን ቦምብ ከተማዋን ሲያፈርስ፣ ፍርስራሹ ላይ ቡድሊያ በቀለ። በአገሩ የሚወደው ጠጠራማ፣ ኖራ ያለበት መሬት ነው። የፈረሰ ግንብ ደግሞ ጡብና ኖራ ነው። ዘሩን ነፋስ ይወስደዋል፤ ባቡር ሲያልፍ የሚያስነሳው ነፋስም ጭምር። በሐዲድ ዳር የበዛው ለዚህ ነው።

ዘመዱ አገራችንም አለ። አንፋር። በደጋና በወይና ደጋ ያደጋችሁ፣ በተለይ ቤታችሁ ንብ የነበራችሁ፣ ታስታውሱት ይሆናል። ቅጠሉ ከስሩ ነጣ ያለ ነው፤ አበባው ብርቱካንማ። ንብ አይለየውም። ከቻይናው ጋር አንድ ወገን መሆናቸውን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ። የጓሮዬን ተክል ከዚያ በኋላ እንደ ባዕድ አላየሁትም።

አሁን ወደ ሁለተኛው መቁረጥ ልለፍ። ይህኛው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ለእኔ ግን ከመጀመሪያው ይበልጣል። አበባው ሲጠወልግ ዘለላው ቡናማ ይሆናል። ያኔ ከስሩ ወዳለው ጥንድ ቅጠል ድረስ ቆርጣችሁ አንሱት። ከጎን አዳዲስ ትንንሽ ዘለላዎች ይወጣሉ፤ አበባው እስከ መስከረም ይዘልቃል። ዋናው ምክንያት ግን ዘሩ ነው። አንድ ትልቅ ቁጥቋጦ እስከ 3 ሚሊዮን ዘር ሊሰጥ ይችላል። ደቃቅ ነው፣ ይበራል። የቆረጣችሁትን ዘለላ እዚያው መሬት ላይ አትተዉት።

ሲያትልና ፖርትላንድ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይህ በተለይ እናንተን ይመለከታል። በዋሽንግተን ግዛትም ሆነ በኦሪገን ይህ ተክል ጎጂ አረም ተብሎ ተመዝግቧል። የወንዝ ዳር ጠጠር ላይ እየበቀለ የአገሩን ተክል ያፈናቅላል። ኦሪገን ውስጥ ዘር የሚሰጠውን ዓይነት መሸጥ ክልክል ነው። ዘር የማይሰጡ የተዳቀሉ ዓይነቶች አሉ፤ እነሱን ፈልጉ። ያማረ አበባ ነው ብለን የሰውን ወንዝ ማበላሸት አይገባንም። በእንግድነት የምንኖር ሰዎች ይህ ከማንም በላይ ሊገባን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ቶሎ ልበለው። ቡድሊያ ሁሉ አንድ አይደለም። ከቺሊና ከአርጀንቲና የመጣ፣ አበባው እንደ ብርቱካናማ ኳስ የሆነ አለ። እሱ የሚያብበው በአምናው እንጨት ላይ ነው። በመጋቢት ከቆረጣችሁት የዓመቱን አበባ አብራችሁ ቆረጣችሁት ማለት ነው። እሱን አብቦ ሲጨርስ ቀነስ አድርጉት።

አሁን ወደ ቢራቢሮዎቹ። እንግሊዝ ውስጥ በየዓመቱ በሐምሌና በነሐሴ ሰው 15 ደቂቃ ተቀምጦ ያየውን ቢራቢሮ ይቆጥራል። ቆጠራው ከ2010 ጀምሮ አለ። እኔም ከልጄ ጋር እቆጥራለሁ። በ2024 በአማካይ የተቆጠረው ሰባት ብቻ ነበር፤ ቆጠራው ከተጀመረ ወዲህ ዝቅተኛው። አዘጋጆቹም የቢራቢሮ አስቸኳይ ጊዜ ብለው አወጁ። ልጄ ይህን ስትሰማ «አበባ እንጨምርላቸው» አለችኝ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን አይበቃም።

ቡድሊያ ለቢራቢሮ የሚሰጠው ወለላ ነው። የሚጠጡት ክንፍ ያወጡት፣ ያደጉት ቢራቢሮዎች ናቸው። እንቁላላቸውን የሚጥሉት፣ አባጨጓሬው የሚያድገው ሌላ ቦታ ነው። ቡድሊያ ብቻ ያለበት ጓሮ እንግዶችን ጠርቶ፣ ለልጆቻቸው ግን በር እንደሚዘጋ ድግስ ነው። እዚያ አበባ ላይ የማያቸው፣ ክንፏ ላይ ዓይን የመሰለ ክብ ያላት ፒኮክም ሆነች ቀይ መቀነት ያላት ሬድ አድሚራል፣ ልጆቻቸው የሚያድጉት በሳማ ነው። አዎ፣ በሳማ! በሁዳዴ ወጥ ሠርተን የምንበላው ሳማ፣ የእዚህኛው ወገን ነው።

ሌላም አለች፤ ፔይንትድ ሌዲ ይሏታል። ብርቱካንማና ጥቁር ናት። ከአፍሪካ ተነስታ ሰሃራን አቋርጣ እስከ ሰሜን አውሮፓ ትደርሳለች። ደርሶ መልሱ 15,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዷ አትጨርሰውም፤ ልጅ ከወላጅ እየተቀበለ ነው የሚያልቀው። ኢትዮጵያም ውስጥ አለች። በነሐሴ አንዷ አበባዬ ላይ ስታርፍ ልጄን እጠራታለሁ። ምንም አልላትም፣ አሳያታለሁ ብቻ።

ስለዚህ ከጓሮው ጥግ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ለሳማ ትቻለሁ። ጎረቤቴ መጀመሪያ ግራ ተጋብታ ነበር። አባጨጓሬዎቹን ካሳየኋት በኋላ ግን እሷም ከአጥሩ ወዲያ ያለውን መንቀል ትታለች። እንዳይስፋፋ የሚፈራ ሰው በትልቅ ባልዲ አፈር ላይ ሊያበቅለው ይችላል። ሳማውም መቁረጥ ይፈልጋል። በሰኔ ግማሹን ቁረጡት። ለሁለተኛው ዙር እንቁላል የሚጥሉት ለጋ ቅጠል ይፈልጋሉና፣ የተቆረጠው አዲስ ያወጣላቸዋል። ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ቅጠሉን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ። አረንጓዴ እንቁላል ወይም ጥቋቁር አባጨጓሬ ካለበት ያንን ግንድ ተዉት፤ ሌላውን ቁረጡ። ጓንት አድርጉ። በሉ፣ ሰላም ሁኑልኝ።