ማቲው ፓሪስ፦ የንጉሡ እንግዳ፣ የንጉሡ ወቃሽ

ሄኖክ፦ የዛሬው ርዕሳችን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ሴንት ኦልባንስ ገዳም ታሪክ ይጽፍ የነበረው መነኩሴ ማቲው ፓሪስ ንጉሥ ሄንሪ 3ኛን ምን ያህል ደፍሮ እንደወቀሰ ነው።

ሜሮን፦ ወደ ንጉሡ ከመግባታችን በፊት ስለ ዝሆኑ እንድናገር ፍቀድልኝ።

ሄኖክ፦ ዝሆኑ እንደሚቀድም ጠርጥሬ ነበር።

ሜሮን፦ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 9ኛ እ.ኤ.አ. በ1255 ለሄንሪ በስጦታ የላከው ዝሆን በለንደን ግንብ ሲቀመጥ፣ ማቲው በዓይኑ አይቶ ሣለው። አንባቢው የእንስሳውን ግዝፈት በሰው ቁመት እንዲለካ ጠባቂውን ከጎኑ አቆመ፤ ዝሆን የሚታጠፍ ጉልበት የለውም ይባል በነበረበት ዘመንም መገጣጠሚያዎቹን አሳምሮ አሳየ። ጽሑፉን፣ ሥዕሉንና ካርታውን በአንድ እጅ የሚሠራ ታሪክ ጸሐፊ ከየት ይገኛል?

ሄኖክ፦ ተገረምኩ፤ ንጉሡስ?

ሜሮን፦ በ1247 ሄንሪ የክርስቶስ ደም ነው የተባለውን ቅርስ ወደ ዌስትሚንስተር ባስገባበት ቀን፣ ማቲውን አጠገቡ አስቀምጦ ያየውን ሁሉ እንዲጽፍ አዘዘው። ማቲው በዓሉን ጻፈ፤ ይኸው ብዕር ግን የንጉሡን ገንዘብ ፈላጊነት፣ ለባዕዳን ዘመዶቹ ማድላቱንና የሮማውን ጳጳስ ግብር ሳይምር ነቀፈ።

ሄኖክ፦ በኋላ ግን መልሶ ፋቀው።

ሜሮን፦ አዎን፣ በሕይወቱ ማብቂያ ላይ ከባድ ቃላቱን ፋቀ፣ አለዘበም። ሆኖም ከመፋቁ በፊት የተገለበጠ ቅጂ ስለተረፈ የፋቀውን ዛሬም እናነባለን።

ሄኖክ፦ እንግዲያው ፈራ ማለት ነው።

ሜሮን፦ ፍርሃት አልለውም፤ በመጀመሪያ የጻፈው በቁጣ ስለነበረ ሲያረጅ ቃሉን መዘነ እላለሁ። ዝሆኑንም ቢሆን በአንድ ሥዕል አልተወውም።

ሄኖክ፦ ዝሆኑን ተዪልኝ። በ1257 ንጉሡ በገዳሙ አንድ ሳምንት ሲቀመጥ ማቲው ከማዕዱም ከእልፍኙም አልተለየም፤ ሄንሪም የ250 ያህል የእንግሊዝ ባሮኖችን (ባለ ርስት መኳንንትን) ርስት ስም በቃሉ ቆጠረለት። እንዲህ ያቀረበህን ሰው ማን ይነቅፋል?

ሜሮን፦ ያን ያህል ዝርዝር ያገኘነው እኮ ስለቀረበው ነው። መፋቁ ወዳጅነት ያመጣው ሊሆን እንደሚችል ግን በከፊል እቀበልሃለሁ።

ሄኖክ፦ በከፊል ብቻ?

ሜሮን፦ ለዛሬ በከፊል ብቻ።