ካፌ የመክፈት ሕልምና ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ሥራ

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ በተለይ ደግሞ «አንድ ቀን የራሴን ካፌ እከፍታለሁ» የሚል ሐሳብ በልባችሁ ይዛችሁ የመጣችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «ሰዉን አበረታታልን» ብለውኛል። ደስ ይለኛል። ነገር ግን የሚከብደውን ደብቆ የሚያምረውን ብቻ ማሳየት ማበረታታት ነው ብዬ አላምንም። እኔ ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ስለምወደውም ነው ለዓመታት ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ ይዛችሁ ከመግባታችሁ በፊት ከባንኮኒው ጀርባ ያለውን እንድታዩ የምፈልገው።

ሕልሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰፊ መስኮት፣ የጠዋት ብርሃን፣ አዲስ የተፈጨ ቡና ሽታ፣ ለስለስ ያለ ሙዚቃ። አንዱ ጥግ ላይ መጽሐፍ ያነባል፣ ሁለት ወዳጆች በሌላው ጥግ ይጨዋወታሉ፣ እናንተ ደግሞ የሚገባውን ሰው ሁሉ በስሙ እየጠራችሁ ትቀበላላችሁ። ይህ ሥዕል ውሸት አይደለም። እንዲህ ያለ ሰዓት በእውነት አለ፤ ደርሶብኝም ያውቃል፤ ድካም ያስረሳል። ችግሩ ሥዕሉ የተሳለው ከደንበኛው ወንበር ላይ መሆኑ ነው። ካፌ የሚወድ ሰው ካፌን የሚያውቀው ተቀምጦ ነው። ባለቤቱ የሚያውቀው ግን ቆሞ ነው። ደንበኛው አንዲቷን ጥሩ ሰዓት አይቶ ይሄዳል፤ ከእሷ በፊትና ከእሷ በኋላ ያሉት ሰዓታት የባለቤቱ ናቸው።

ስለዚህ ዛሬ ከቡናው ይልቅ ስለ ወንበሩ አብዝቼ ላውራ። ስለ ቡናው ብዙ ይባላል፤ ሥልጠናውም ውድድሩም ሞልቷል። ካፌን የሚያቆመውም የሚጥለውም ወንበር ሆኖ ሳለ ግን ደፍሮ የሚያነሳው ሰው እምብዛም አላይም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው ቡና ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1652 ነው። ብዙም ሳይቆይ ከተማዋ በቡና ቤት ተሞላች። ሰው አንድ ፔኒ ከፍሎ ይገባል፤ ቡናውን እየጠጣ ጋዜጣ ያነባል፣ የመርከብ ወሬ ይሰማል፣ ይከራከራል፣ ይነግዳል። ዛሬ በዓለም ላይ የታወቀው የሎይድስ የኢንሹራንስ ገበያ መነሻው የኤድዋርድ ሎይድ ቡና ቤት ነበር። ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ እነዚህ ቤቶች የአድማ መፈልፈያ ሆነዋል ብሎ እ.ኤ.አ. በ1675 መጨረሻ ላይ እንዲዘጉ አዋጅ አስነገረ፤ ተቃውሞው ሲበረታበት ግን በቀናት ውስጥ መልሶ ሻረው። ሰዎች ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ቦታ ይህን ያህል ኃይል አለው። እናንተም የምታልሙት ይህንኑ ቦታ ነው፤ ትክክል ናችሁ። ነገር ግን ፔኒዋን ልብ በሉልኝ። ሰውየው መግቢያውን ከፍሎ ነው የሚቀመጠው።

ጣሊያኖች በሌላ መንገድ ሄዱ። በብዙ ቡና ቤቶቻቸው ባንኮኒ ላይ ቆሞ የሚጠጣ ሰው የሚከፍለው አነስ ያለ ነው፤ ቁጭ ብሎ እንዲቀርብለት የሚፈልግ ይጨምራል። አብዛኛው ሰው ቆሞ በሁለትና በሦስት ጉንጭ ጨርሶ ይወጣል። ሞስኮ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ዚፈርብላት የተባለ ቤት ተከፍቶ ጭራሽ ቡናውን በነፃ አደረገና ደንበኛውን በተቀመጠበት ደቂቃ ልክ ማስከፈል ጀመረ።

ሦስቱም የመለሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ ወንበሩን ማን ይከፍላል? የኛ ዓይነቱ ካፌ ይህን ጥያቄ በግልጽ አይጠይቅም። የወንበሩን ዋጋ ስኒው ውስጥ ይደብቀዋል። ደንበኛው ቡና የገዛ ይመስለዋል፤ በእርግጥ የገዛው ግን ቡና፣ ወንበር፣ መብራት፣ መጸዳጃ ቤት፣ ዋይፋይና ጸጥታ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ስኒ ሒሳብ። ግማሽ ሰዓት ከተቀመጠ ያዋጣል። አራት ሰዓት ከተቀመጠ ግን ወንበሩን ሌላ ሰው እየከፈለለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ያ ሌላ ሰው ባለቤቱ ራሱ ነው። በውጭ የሚያልፈው ሰው በመስኮት ያያል፤ «ይህ ቤት ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ ምን ጎደለበት!» ይላል። ባለቤቱ ማታ ሣጥኑን ሲከፍት የሚያገኘው ሌላ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ስልካችሁን አውጡ፤ ቁጥሩን የማነሳው ለምሳሌ ብቻ ነው፣ ቤታችሁ ስትደርሱ በራሳችሁ ቁጥር ትተኩታላችሁ። በመጀመሪያ ቡና ሸጣችሁም አልሸጣችሁም በየወሩ የምትከፍሉትን ደምሩ፤ ኪራይ፣ ደመወዝ፣ የብድር ክፍያ፣ መብራትና ውኃ፣ ጥበቃ፣ ጥገና። ቀጥሎ አንድ ስኒ ስትሸጡ ቡናውን፣ ወተቱን፣ ስኳሩን፣ የወረቀት ኩባያውንና ግብሩን ቀንሳችሁ የሚተርፋችሁን አውጡ። የፊተኛውን ለኋለኛው አካፍሉት። መልሱ 6,000 መጣ እንበል። በወር 6,000 ስኒ ማለት በ30 ቀን ሲካፈል በቀን 200 ስኒ ነው። ይህን ሸጣችሁም ገና አላተረፋችሁም፤ አልከሰራችሁም፣ በቃ።

200 ስኒ ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ለ12 የሥራ ሰዓት ብታካፍሉት በሰዓት ወደ 17 ይመጣል፤ ማን ያቅተዋል? ሰው ግን ተከፋፍሎ አይመጣም። ግማሹ የሚመጣው ወደ ሥራ ሲጣደፍ፣ በጠዋቱ፣ በሁለት ሰዓታት ጊዜ ውስጥ ነው። 100 ስኒ በሁለት ሰዓት ማለት በየ72 ሴኮንዱ አንድ ስኒ ማለት ነው። አንድ ኤስፕሬሶ ማሽኑ ላይ ብቻ ከ25 እስከ 30 ሴኮንድ ይፈጃል፤ መፍጨቱ፣ መጠቅጠቁ፣ ወተቱን ማሞቁ፣ ማጠቡ፣ መልስ መስጠቱ አለ። በዚያ ሰዓት ብቻውን የቆመ ሰው አይችለውም። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ሰው ደግሞ ደመወዝ ነው፣ ደመወዙ ወደ መጀመሪያው ድምር ይመለሳል፣ 6,000ውም ከፍ ይላል። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ጭር ሲል ሁለቱም ሠራተኞች ቆመው በር በሩን ያያሉ። ይህን ስሌት ቦታ ሳይከራይ የሠራ ሰው ብዙ ከሚያስለቅስ ነገር ይድናል።

አሁን ወደ ንጋቱ ልውሰዳችሁ፤ ሕልሙ ውስጥ የማይታይ ሰዓት ነውና። በሩ ለደንበኛ ከመከፈቱ በፊት ማሽኑ ሞቆ መጠበቅ አለበት። ትናንት ማታ በደንብ ሲወርድ የነበረው ቡና ዛሬ ጠዋት በዚያው መፍጫ፣ በዚያው ልክ ተፈጭቶ ሌላ ይሆናል። ቡና ከተቆላ በኋላ ለቀናት ጋዝ እየለቀቀ ስለሚለዋወጥ፣ የቤቱ ሙቀትና እርጥበትም ስለሚለያይ ነው። 18 ግራም መዝናችሁ፣ ጠቅጥቃችሁ፣ ማሽኑ ላይ ትገጥሙታላችሁ። በ9 ባር ግፊት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ያልፍበታል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ጥቁር ሆና ትመጣለች፤ ቀጥሎ ቀጠን ያለ ቡናማ ክር ይሠራል፤ ከዚያ እየነጣ ይሄዳል። በ15 ሴኮንድ ሲሮጥ ከጨረሰ ይኮመጥጣል፤ ደቃቅ አድርጋችሁ ፍጩ። 45 ሴኮንድ እየተንጠባጠበ ከቆየ ይመራል፤ ሻካራ አድርጉት። እያንዳንዱን ትቀምሳላችሁ፣ ትደፋላችሁ፣ እንደገና ትጀምራላችሁ። በየጠዋቱ አምስት ጊዜ ከተደፋ 90 ግራም ነው፤ በ30 ቀን 2.7 ኪሎ የተቆላ ቡና ወደ ፍሳሹ ሄደ ማለት ነው። ከ1 ኪሎ ውስጥ 55 ያህል ድርብ ኤስፕሬሶ እንደሚወጣ አስታውሱ። ይህ ብክነት አይባልም፤ የጥራት ዋጋ ነው። ግን በጀት ውስጥ ካልገባ ባለቤቱ ከሁለት ወር በኋላ «ይቅር፣ እንዳለ ይቀዳ» ማለት ይጀምራል። ደንበኛው ምክንያቱን አያውቀውም፤ ጣዕሙን ግን ያውቀዋል፣ ዝም ብሎም ይቀራል።

ማታም እንዲሁ ነው። የመጨረሻው ደንበኛ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ሥራው አላለቀም። የማሽኑ ውስጥ በማጠቢያ ዱቄት ይታጠባል፣ የወተት እንፋሎት ቱቦው ይጠረጋል፣ የመፍጫው ዘይት የያዘ ትርፍራፊ ይወገዳል። ውኃው ካልተጣራ የኖራ ንጣፍ ቦይለሩ (የማሽኑ ውኃ ማሞቂያ) ውስጥ እየጋገረ ይሄድና በጣም ሥራ በሚበዛበት ቀን ማሽኑን ያቆመዋል። ለማሽን ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ለውኃ ማጣሪያ የሚሰስት ሰው ስንቱን አየሁ!

ስለ ቡና ገበያም አንድ ነገር ልበል። የሁለቱ ዋና የቡና ዝርያዎች ዋጋ፣ የአረቢካ ኒውዮርክ ላይ፣ የሮቡስታ ለንደን ላይ፣ በየቀኑ ይወጣል ይወርዳል። ብራዚል ላይ ውርጭ ሲመታ፣ ቬትናም ላይ ዝናብ ሲጠፋ እናንተ ባንኮኒ ድረስ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የአረቢካ ዋጋ በአንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ከተመዘገበው ክብረ ወሰንም በላይ ወጥቶ ነበር። ጥሬው ቡና ከስኒው ዋጋ ትንሹ ድርሻ ነው፤ ቢሆንም ትርፋችሁ ቀጭን ከሆነ ያችው ትንሽ ድርሻ ትበላዋለች። ዋጋ መጨመር ደግሞ ያስፈራል። ምክሬ አጭር ነው፤ በዓመት አንዴ በድንገት ብዙ ከመጨመር ምክንያቱን ለደንበኛ እያስረዱ ጥቂት ጥቂት መጨመር ይሻላል። ሰው ሲነገረው ይረዳል።

ሠራተኛን በተመለከተ ግን ረዘም ያለ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ደንበኛ «የእነ እገሌ ካፌ» ብሎ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ባንኮኒው ጀርባ የቆመችውን ልጅ ፊት አስቦ ነው። ስኳር እንደማይወድ የምታውቀው እሷ ናት፤ ሐዘን ላይ በነበረ ጊዜ «እንዴት ሰነበቱ» ያለችው እሷ ናት። የእጇ አንጓና ትከሻዋ በቀን መቶ ጊዜ በመጠቅጠቅ ይታመማል፤ እግሯ ያብጣል። ካፌ ሲከፈት ለወንበርና ለመብራት ጌጥ የሚወጣው ገንዘብ ይገርመኛል፤ ለእሷ ደመወዝ ሲደርስ ነው እጅ የሚያጥረው። ስትለቅ ደግሞ «ሠራተኛ አይታመንም» ይባላል። እኔ የማምነው ሌላ ነው። ሰፊው ካፌ ከሆነ አቅማችሁን የሚወስደው፣ ጠባቡን ክፈቱና ሁለት ጥሩ ሠራተኞችን በወጉ ከፍላችሁ አቆዩ። ይህን ማድረግ የማይችል የቢዝነስ ዕቅድ ገና አልበሰለም፤ ይቆይ።

ይህን ሁሉ ስል ታዲያ ሕልሙን ተዉት እያልኩ አይደለም። አንድ ተማሪ ነበር፤ የመመረቂያ ጽሑፉን የጻፈው እኛ ቤት፣ መሰኪያ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ነው። በአንድ ስኒ ከጠዋት እስከ ማታ ይቀመጣል። ሒሳቡን አሁን ካልኳችሁ አንፃር ካያችሁት ኪሳራ ነው። ግን ተነሣ ብዬው አላውቅም፤ ሠራተኞቼም እንዲሉት አልፈቀድኩም። ያቺን ወንበር እኔ ነኝ የምከፍላት ብዬ ወስኜ፣ በወሩ ሒሳብ ውስጥ አስገብቼ፣ አውቄ ሰጥቻታለሁ። ሌሎቹ ወንበሮች ደግሞ እንዲሸከሟት በሩ አጠገብ ቆሞ መጠጫ ባንኮኒ አሠራሁ፤ ለሚጣደፈው ሰው ቶሎ ቀድቶ መሸኛ ሆነ፤ የጠዋቱን ገቢ ያመጣው እሱ ነው። ልግስና ማለት እንዲህ ሲሆን ይዘልቃል። ሳያሰሉ ሁሉንም ወንበር በነፃ የሰጡ ደጎች ግን ስድስት ወር ሳይሞላቸው በራቸው ላይ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ሲለጠፍ አይቻለሁ፤ አንጀቴን ይበላኛል። የጠፋው የእነሱ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩም መቀመጫውን አጥቷል።

እንግዲህ ማን ይክፈት? ያንኑ ነገር በየቀኑ ደግሞ ደጋግሞ በጥንቃቄ መሥራት የማይሰለቸው ሰው ይክፈት። ቡና መጠጣት መውደድ ብቻውን አይበቃም፤ ለአርባኛው ደንበኛ ለመጀመሪያው የቀዳውን ያህል ተጠንቅቆ መቅዳት መቻል ነው። ይህ በእናንተ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ አንድ አስተማማኝ መንገድ አለ፤ ገንዘባችሁን ሳትነኩ የሌላ ሰው ካፌ ውስጥ ጥቂት ወራት ተቀጠሩ። የጠዋቱንም የማታውንም ተራ ሥሩ፤ ወለሉን ጥረጉ፤ የተበሳጨውን ደንበኛ አስተናግዱ። ከዚያ በኋላም ጠዋት ስትነሡ ልባችሁ ወደዚያው ከሄደ፣ እኔ በበኩሌ ሂዱ እላችኋለሁ።

ቦታ አግኝታችሁ የኪራይ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ እነዚህን ጠይቁ። ኪራዩ የሚጨምረው በየስንት ጊዜው ነው፣ እስከ ምን ድረስ? ያሠራችሁት ባንኮኒና የቧንቧ ሥራ ስትወጡ የማን ይሆናል? ባለ ሁለት እጀታ ማሽን ብዙውን ጊዜ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ የቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር ይችላል? ፍሳሹ የት ይወርዳል? አከራዩ ቤቱን ቢሸጠው ውላችሁ ይጸናል? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ሕግ የሚያውቅ ሰውም ያንብበው።

ስለታገሣችሁኝ አመሰግናለሁ። ቀሪው ሰዓት የእናንተ ነው። ቅድም ስልካችሁ ላይ የሠራችሁት ስሌት ያስደነገጣችሁ ካላችሁ ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ ፊት ኑ፤ አንድ በአንድ አብረን እናየዋለን።