አጥንት በደም ነው የሚኖረው

[ምስል፦ ለሁለት የተሰነጠቀ የበሬ ቅልጥም፣ ከቅርብ]

ቅልጥም ግጦ መቅኒውን የመጠጠ ሰው ሁሉ አጥንትን የሚያውቅ ይመስለዋል። ያ ግን የሞተ አጥንት ነው። እኛ ውስጥ ያለው ደም ይዞርበታል፣ ይፈርሳል፣ እንደገና ይገነባል። ወሎ ውስጥ አንድ ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር፣ ይህን ማወቅ ክንዱን ሊያተርፍለት ይችላል።

[ምስል፦ በማይክሮስኮፕ የታየ ስስ የአጥንት ቁራጭ]

ይህ ከቅልጥም ጠንካራ ግድግዳ የተወሰደ ነው። ክብ ክብ ነገሮች ሞልተውታል። እያንዳንዱ ልክ እንደተቆረጠ የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ቀለበት በቀለበት ነው። ኦስቲዮን ይባላል፤ ስፋቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መሃሉ ላይ ያለችው ቀዳዳ የደም ሥር መተላለፊያ ናት። የሄቨርስ ቦይ ትባላለች፤ በ1691 እ.ኤ.አ. ስለ አጥንት በጻፈው እንግሊዛዊ ሐኪም በክሎፕተን ሄቨርስ ስም ነው የምትጠራው።

[ምስሉ ይጎላል]

ቀለበቶቹ መሃል ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉ። ክፍተቶች ናቸው። በየክፍተቱ ኦስቲዮሳይት የሚባል አንድ ሕዋስ ይኖራል። ዙሪያው በካልሲየምና በፎስፌት የጠጠረ ስለሆነ ምግብ ሰርጎ ሊደርሰው አይችልም። ስለዚህ ከክፍተቱ ብዙ ቀጫጭን ቦዮች ይወጣሉ። ሕዋሶቹ በእነዚህ ቦዮች በኩል እየተነካኩ፣ ከመሃሉ ደም ሥር የመጣውን ይቀባበላሉ። ደሙ ከቀረ ሁሉም ይሞታሉ። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ያን ያህል የጠነከረ ነገር በዚያች ቀጭን ደም ሥር ላይ መንጠልጠሉ።

[ምስል፦ የጽንስ እጅ]

ጽንስ እያለን እጃችን አጥንት አልነበረውም። አፍንጫችን ጫፍ ላይ ያለው ዓይነት ልም አጥንት ነበር። በ8ኛው ሳምንት ገደማ ደም ሥር ወደ መሃሉ ዘልቆ መግባት ይጀምራል። አብረውት ኦስቲዮብላስት የሚባሉ ገንቢ ሕዋሶች ይገባሉ። መጀመሪያ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ይዘረጋሉ፣ ማዕድኑ በላዩ ይቀመጣል። ልጁ አድጎ እስኪጨርስ አጥንቱ ጫፍ አካባቢ ስስ ልም አጥንት ይቆያል። ቁመት የሚጨምረው እዚያ ነው።

አጥንት ሲሰበርም ያው ታሪክ ይደገማል። ደም ይረጋል፣ ልም አጥንት ስብራቱን ያያይዛል፣ ከዚያ ወደ አጥንት ይለወጣል። በመጨረሻ ኦስቲዮክላስት የሚባሉት ሕዋሶች ትርፉን እየበሉ ቅርጹን ያስተካክላሉ። አጥንት የሚጠግነው ራሱን ነው። ከእኛ የሚፈልገው አለመነቃነቅና ደም ነው።

[ምስል፦ በሽንበቆ የታሰረ ክንድ]

ደሴ ዙሪያም ሆነ ባቲ ገጠር፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ቅርብ ነው፣ ይታመናል። ስብራቱን በሽንበቆ መደገፉም ተገቢ ነው። ጉዳቱ ማጥበቁ ላይ ነው። የተሰበረ ክንድ ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የነበረው ማሰሪያ ማታ ደም ሥሩን ያንቃል። ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ከዘገየ ክንዱ እስከመቆረጥ ይደርሳል።

ስለዚህ የልጁን ጣቶች ቶሎ ቶሎ እዩ። ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ጣቱን ስትዘረጉለት ከጮኸ፣ ማሰሪያውን ወዲያው ፍቱትና ሆስፒታል ውሰዱት። ሌሊትም ቢሆን፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ፣ ወይም ስብራቱ መገጣጠሚያ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም ቀጥታ ወደ ሐኪም ነው። ያ የሚያድግበት ልም አጥንት ያለው እዚያው ነውና፣ ከተጎዳ ክንዱ አጥሮ ወይም ተጣሞ ሊቀር ይችላል።