ከጥር 7 በፊት
(በንባብ ክበባችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ውድ የንባብ ክበባችን አባላት፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ።

የተሰበሰብነው ማናችንም ስላላየነው ፊልም ለማውራት ነው። ያልታየ ፊልም ምኑ ይወራል የሚል ሰው ይኖራል። ለእኛ ግን ብዙ የሚወራ አለው። መጽሐፉን አንብበነዋል። አንዳንዶቻችን ደጋግመን አንብበነዋል። የክበባችን ኮፒ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ሽፋኗ ተገንጥሎ አሁን በፕላስተር ነው የተያያዘው።

የማወራው ስለ ቶሚ አዴዬሚ «ቺልድረን ኦፍ ብለድ ኤንድ ቦን» ነው። በእኛ ቤት «የደምና የአጥንት ልጆች» እያልን ነው የምንጠራው። የፊልም ኩባንያው ፓራማውንት ፊልሙን በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 15 ቀን 2027 እንደሚያወጣ አስታውቋል። በእኛ ጥር 7 ቀን 2019 ነው። ቀኑ ዓርብ ነው፤ ማክሰኞው ጥምቀት ነው። ብዙዎቻችሁ ከአሁኑ ቀን መቁጠር ጀምራችኋል። እኔም ጀምሬያለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው የቆምኩት። ፊልሙን ስንጠብቅ ምኑን እንደምንጠብቅ እንወቅ። ትዕይንት ቢቀነስ እንለፈው። ገጸ ባሕርይ ቢታጠፍ፣ ቦታ ቢቀየር እንለፈው። የመጽሐፉ ሐዘንና ቁጣ ከለዘበ ግን ዝም ማለት የለብንም።

ለምን እንዲህ እንደምል እንግዶቻችን እንዲገባቸው ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ኦሪሻ የምትባል ምናባዊ አገር አለች። በአንድ ወቅት አስማት የነበራቸው ሰዎች ይኖሩባት ነበር። ንጉሥ ሳራን አስማቱ ሲጠፋ ጊዜ አገኘና አስማተኞቹን ባንድ ሌሊት አስጨረሳቸው። የዜሊ እናት ከተገደሉት አንዷ ናት። ዜሊ ያን ጊዜ ሕፃን ነበረች፤ አይታለች። የተረፉት ልጆች በነጭ ፀጉራቸው ይለያሉ። ግብር ይቆለልባቸዋል፣ በስድብ ስም ይጠራሉ፣ መክፈል ሲያቅታቸው ለጉልበት ሥራ ይወሰዳሉ። ከዓመታት በኋላ የንጉሡ ልጅ አማሪ፣ አባቷ የምትወዳትን አገልጋይ ቢንታን ሲገድል ታያለች። አስማትን የሚቀሰቅስ ጥቅልል ብራና ሰርቃ ትጠፋለች። ገበያ መሀል ከዜሊ ጋር ትገናኛለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነግራችሁም፤ አንብቡት።

መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በማርች 2018 ነው። ደራሲዋ ከናይጄሪያ ወላጆች አሜሪካ ውስጥ ተወለደች። ሃርቫርድ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማረች። ከዚያ ብራዚል ሳልቫዶር ሄዳ የምዕራብ አፍሪካን አፈ ታሪክና ባህል አጠናች። የናይጄሪያውን የዮሩባ ሕዝብ ኦሪሻዎች፣ ጥቁር መልክ ያላቸውን አማልክት፣ በሥዕል ያየችው እዚያ አንድ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ እንደሆነ ተናግራለች። የወላጆቿን አገር አማልክት ውቅያኖስ ተሻግራ አገኘቻቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። በባርነት ተግዘው የሄዱ ሰዎች ሁሉን ተነጥቀው ይህን ግን ይዘውት ቆዩ።

ቁጣው ግን ከሌላ ቦታ ነው የመጣው። በመጽሐፉ መጨረሻ ደራሲዋ ለአንባቢ የጻፈችው አጭር ማስታወሻ አለ። ብዙ ሰው ልቦለዱ አለቀ ብሎ ይዘለዋል። እባካችሁ አትዝለሉት። መጽሐፉን ስትጽፍ በአሜሪካ ያልታጠቁ ጥቁር ሰዎች በፖሊስ ሲገደሉ በየዜናው ታይ እንደነበር ትናገራለች። ለታሪኩ ሕፃናት ካለቀሳችሁ ለእነዚህም አልቅሱ ብላ በጥይት የሞቱ ልጆችን በስማቸው ትጠራለች። አንዱ 15 ዓመቱ ነበር። አንዱ 12። አንዷ 7 ዓመቷ ነበር። እኔ ያን ገጽ ካነበብኩ በኋላ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ጀምሬ በሌላ ዓይን ነው ያነበብኩት። የዜሊ አባት ግብር ሰብሳቢ ወታደሮች ፊት ዝም የሚለው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

የፊልሙ ጉዞ ረጅም ነው። የፊልም ኩባንያው ፎክስ መብቱን የገዛው መጽሐፉ ገና ሳይታተም እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዲዝኒ ፎክስን ገዛና ሥራው ወደ ሉካስፊልም ዞረ። እዚያም አልተሳካም። እ.ኤ.አ. በ2022 ፓራማውንት ወሰደው። ዳይሬክተሯ ጂና ፕሪንስ ባይትውድ ናት፤ «ዘ ውማን ኪንግ»ን የሠራችው። የፊልሙን ጽሑፍ ደራሲዋ ራሷ አብራት ጽፋለች። ቀረጻው ደቡብ አፍሪካ ተካሄደ። ዜሊን የምትጫወተው ደቡብ አፍሪካዊቷ ቱሶ ምቤዱ ናት። ቫዮላ ዴቪስ የዜሊን መምህር ማማ አግባን፣ ቺዌቴል ኤጂዮፎር ንጉሥ ሳራንን ይጫወታሉ። ሲንቲያ ኤሪቮና ኢድሪስ ኤልባም አሉበት። እንዲህ ዓይነት ስብስብ ለአንድ የአፍሪካ ምናባዊ ታሪክ ሲሰለፍ ማየት ራሱ ደስ ይላል።

ስለ ተዋንያን ምርጫ ግን ብዙ ጭቅጭቅ ተነሥቷል፤ እኛም መሀል ተነሥቷል። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አማሪን የምትጫወተው አማንድላ ስቴንበርግ ናት። አማንድላ እ.ኤ.አ. በ2012 «ዘ ሀንገር ጌምስ» ፊልም ላይ ሩ የምትባለውን ትንሽ ልጅ ተጫውታ ነበር። የዚያ ፊልም መነሻ የሆነው መጽሐፍ ሩን ቡናማ ቆዳ ያላት ልጅ ብሎ ነው የሚገልጻት። ያም ሆኖ ጥቁር ልጅ ስለተጫወተችው ብቻ ኢንተርኔት ላይ የዘረኝነት ስድብ ዘነበባት። ገና ሕፃን ልጅ ነበረች። ቶሚ አዴዬሚ ይህን መጽሐፍ እንድትጽፍ ካነሣሷት ነገሮች አንዱ ያ ጥላቻ እንደነበር ተናግራለች። ያን ቀን የተሰደበችው ልጅ ዛሬ በዚሁ ታሪክ ውስጥ ልዕልት ሆና ትመጣለች። ለእኔ ከዚህ ፊልም ዜናዎች ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው።

አንዳንድ አንባቢዎች ደግሞ ሌላ ጥያቄ አላቸው። በመጽሐፉ የአማሪ እናት ልጇ ጠቆረች ብላ ትጨነቃለች። ቤተ መንግሥቱ ቀይ መልክ ነው የሚወደው። ታዲያ ቆዳዋ ፈካ ያለ ተዋናይት ስትመረጥ ያ ቁስል የት ይገባል? ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም አገር «ቀይ ናት» ማለት ሙገሳ ሆኖ ስንቷን ጠይም ልጅ አንገት እንዳስደፋ ሁላችን እናውቃለን። መልሱን ፊልሙን ስናይ እናገኘዋለን። ተዋናይቷን መሳደብ ግን ጥያቄ አይባልም። በ2012 ሕፃን ልጅ ላይ የተደረገውን እያወቅን ደግመን አናድርገው።

የናይጄሪያውያኑም ቅሬታ አለ። ታሪኩ ከዮሩባ የተቀዳ ነው። ሌጎስ፣ ኢባዳን፣ ኢሎሪን የሚሉ ስሞች በየገጹ አሉ። የዋናዎቹ ተዋንያን ስም ሲነገር ግን ናይጄሪያ ውስጥ ተወልዶ እዚያው የሚሠራ ሰው አልነበረም። ከእነሱ አንዳንዶቹ ናይጄሪያዊ ወላጆች ያሏቸው የለንደን ልጆች ናቸው። ቅር ቢላቸው አይፈረድባቸውም። በኋላ አንጋፋው ሪቻርድ ሞፌ ዳሚጆና ዘፋኟ አይራ ስታር ተጨመሩ። ጥሩ ነው። እኔ ግን ከስም ዝርዝሩ በላይ የምጠብቀው ድግምቱን ነው። በመጽሐፉ ዜሊ አስማት የምትጠራው በዮሩባ ቋንቋ ነው። ኦሪሻዎቹ ደግሞ ዛሬም በናይጄሪያ፣ በቤኒን፣ በብራዚል፣ በኩባ የሚመለኩ ናቸው። ለእኛ ምናባዊ ታሪክ የሆነው ለሌላው ጸሎቱ ነው። ያን ቋንቋ አፉን የፈታበት ሰው ሲኒማ ቤት ተቀምጦ ሲሰማው እንዳይሸማቀቅ እመኛለሁ።

መጠበቅ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከሌሎች እንማር። በኤፕሪል 2000 «የቀለበቶቹ ጌታ» («ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ») ፊልም የመጀመሪያ ቅምሻ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ 1.7 ሚሊዮን ጊዜ ወርዷል። በዚያን ጊዜ ኢንተርኔት! አድናቂዎቹ ሁሉን እየተከታተሉ ይከራከሩ ነበር። አርዌን የምትባለው ገጸ ባሕርይ በመጽሐፉ ባልነበረችበት ጦርነት ሰይፍ ይዛ ልትዋጋ ነው ሲባል ቁጣ ተነሣ። ትዕይንቱ ተቀርጾም ነበር፤ ፊልሙ ሲወጣ ግን የለም። በሌላ በኩል ቶም ቦምባዲል የሚባለው ገጸ ባሕርይ ከፊልሙ ሙሉ በሙሉ ተተወ። የሚወዱት አንባቢዎች አዘኑ፤ ግን ፊልሙን ወደዱት። የታሪኩ ልብ እዚያ ስላልነበረ ነው።

በተቃራኒው «ዘ ጎልደን ኮምፓስ»ን እዩት። የፊሊፕ ፑልማን መጽሐፍ የሃይማኖት ሥልጣንን በግልጽ ይሞግታል። መጨረሻውም መራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ፊልም ሲሆን ሙግቱ ተሸፋፈነ። መራራው መጨረሻ ተቀርጾ ሳለ ተቆርጦ ወጣ። የበረዶ ድቦቹ ያምሩ ነበር፣ ተዋንያኑም ትልልቅ ነበሩ። ሁለተኛ ክፍል ግን አልተሠራም። ታሪኩ በቴሌቪዥን እንደገና እስኪሠራ እ.ኤ.አ. እስከ 2019 ተጠበቀ። እንግዲህ እኔ የምፈራው ይህንን ነው። ግዙፍ አንበሳ የምትጋልብ ልጅ፣ የሚያበራ እጅ፣ የሚያምር ልብስ እናያለን። የዜሊ እናት የተሰቀለችበትን ዛፍ ግን ካሜራው ቶሎ አልፎት ይሄዳል።

ከሁሉ በላይ የምሰጋው ለኢናን ነው። ያነበባችሁ ታውቁታላችሁ። መጽሐፉን በተራ የሚተርኩልን ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ዜሊ፣ አማሪ እና ኢናን። ኢናን የአማሪ ወንድም፣ አልጋ ወራሹ ነው፤ ዜሊን የሚያሳድዳት እሱ ነው። ግን እሱም አስማት አለበት። ፀጉሩ ውስጥ የወጣችውን ነጭ ዘለላ ይደብቃል። አባቱ እንዲጠላው ያስተማረው ነገር ራሱ ውስጥ ተገኘ። የኢናንን ምዕራፎች ስናነብ ጭንቅላቱ ውስጥ ነን። ራሱን ሲያባብል እንሰማለን። ለሥልጣን መታዘዝን ግዴታ ብሎ ሲጠራው እንሰማለን። ሳንወድ እናዝንለታለን፤ ወዲያው ደግሞ ስለማዘናችን እንናደዳለን። ፊልም ይህን ሁሉ ከውጭ ነው የሚያየው። ኢናንን የሚጫወተው ዳምሰን ኢድሪስ ጎበዝ ተዋናይ ነው፤ ፊቱ ብዙ መናገር ይችላል። ግን ኢናን መልከ መልካም አፍቃሪ ብቻ ሆኖ ከቀረ ታሪኩ ተራ የፍቅር ታሪክ ይሆናል። ደግ ልብ ያለው ሰው እንዴት የግፍ መሣሪያ እንደሚሆን የሚያሳየን እሱ ነው። እኔ ተማሪዎቼን ስለ መጽሐፉ ሳወያያቸው ረጅሙ ክርክር ሁልጊዜ በኢናን ላይ ነው። ከፍርሃት ይሁን ከእምነት፣ እስካሁን አልተስማሙም።

እዚህ ላይ በሐሳባችን ያለውን ሥዕል ከፊልሙ በፊት መያዝ ያለብን ለምን እንደሆነ ልበል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማ ሰው፣ ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ሲገልጥ የሚሰማው ወጋየሁን ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በወጋየሁ ይቆጣሉ፣ ጉዱ ካሳ በወጋየሁ ይናገራል። ትልቅ በረከት ነው። ግን ከዚያ በፊት በሐሳባችን የነበረው ድምፅ አይመለስም። ከጥር 7 በኋላም ዜሊ የቱሶ ምቤዱን ፊት ይዛ ትኖራለች። ዛሬ እያንዳንዳችን የራሳችን ዜሊ አለችን። አንዷ የክበባችን አባል የእሷ ዜሊ ታናሽ እህቷን እንደምትመስል ነግራኛለች።

ስለዚህ እንዲህ አስበናል። ከፊልሙ በፊት ባሉት ቅዳሜዎች መጽሐፉን ጮክ ብለን አብረን እናነባለን። ለየተራኪው አንድ አንባቢ ይመደባል። የመጨረሻው ቅዳሜ ለደራሲዋ ማስታወሻ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ፊልሙን ባገኘንበት ሁኔታ አብረን አይተን፣ በማግሥቱ እዚሁ ተቀምጠን እንወያያለን። ለዜሊ እና ለአማሪ ፈቃደኞች ተገኝተዋል። ለኢናን ግን ማንም እስካሁን አልተመዘገበም። መዝገቡ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ስትወጡ ስማችሁን ጻፉበት።

አመሰግናለሁ።